አምስተኛው ፊሽካ

ሣህለ ማርያም ፈሪ ሰው ነበር። ቢቸና ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ እሱም ራሱ አይክድም። ውሻ ሲጮህ መንገድ ይቀይራል። ሰማዩ ጠቆር ካለ ገበያ አይወጣም። አብዮቱ ከመጣ በኋላማ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ "ጓዶች!" ባለ ቁጥር የጎረሰውን ሳይውጥ ይነሣል፤ ሚስቱ ይርጋነሽ "አንተን አልጠሩህም፣ ተቀመጥና ብላ" እያለች ትስቅበታለች። እንዲህ ያለው ሰው ዳኛ መሆኑ ነው የሚገርመው። ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አንገቱ ቀና ይላል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ቁልቁል የሚያየው ጎረምሳ ፊት ቆሞ "ጥፋት ነው፣ እጅህን አውጣ!" ይላል። ለምን እዚያ እንደማይፈራ ሲጠይቁት "ሜዳ ላይ ሕግ አለ፤ ሕግ ካለ ምን ያስፈራል?" ይል ነበር። አምኖበትም ነበር።

ጨዋታውን ቢቸና ያመጡት መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባሉ የደብረ ወርቅ ሰው ናቸው፤ ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ሣህለ ማርያምም ገና ተማሪ። መምህሩ አዲስ አበባ ሲማሩ በወጣትነታቸው ተጫውተውታል። ከዚያ ወዲህ ግን ሜዳውንም ሕጉንም ዳግም አላዩም፤ ባስታወሱት ብቻ ነው የሚያስተምሩት። ስሙ ቅርጫት ነው ብለው ቅርጫት ሰቀሉ። ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጥበት፣ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ቂጡ ድፍን የሆነ ቅርጫት ዋንዛው ላይ በሚስማር ተመታ። ኳስ በገባ ቁጥር አንዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያወርዳል። እንዲህ ሲሉ ከርመው ክረምቱ ቅርጫቱን አበሰበሰውና አንድ ቀን የገባችው ኳስ ቂጡን በጥሳ ዱብ አለች፤ ተማሪው በሳቅ ሞተ። በዓለምም ጨዋታው ሲጀመር እንዲሁ የፍራፍሬ ቅርጫት ሰቅለው ኳሱን በመሰላል ያወርዱ እንደነበር ሣህለ ማርያም የሰማው ካደገ በኋላ ነው። ያን ጊዜ "እኛም እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምረናል" ብሎ ደስ አለው።

ከቅርጫቱ ቀጥሎ የበርሜል ቀለበት መጣ፤ መረቡን ከቃጫ ገመድ ራሳቸው ቋጠሩት። የመጀመሪያዋ ኳስ ከቆዳ የተሰፋች፣ ሆዷ በጠፍር የታሰረ ነበረች፤ በቋጠሮዋ በኩል ካረፈች ወዴት እንደምትነጥር እሷም አታውቅም። ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር ሁሉም ወደ መሀል ይመለሳል፤ መምህሩ ኳሷን ወደ ላይ ይወረውራሉ፣ ሁለት ሰው ይዘልላል። ከጨዋታው ግማሹ ዝላይ ነበር ማለት ይቻላል። ሰው የገፋ፣ እጅ የመታ ደግሞ ጥፋቱ ይቆጠርበታል። አራት ከሞላ ይወጣል። መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ በዚህ በአራቱ ቀልድ አያውቁም።

ሣህለ ማርያም አድጎ የስፖርት አስተማሪ ሆነ፤ አብዮቱ በፈነዳ በጥቂት ዓመት ውስጥም ለዳኝነት ትምህርት ደብረ ማርቆስ ተላከ። እዚያ ሲደርስ ቢቸና ስትጫወተው የኖረችው ጨዋታ ሌላው ዓለም ከተወው ብዙ ዘመን እንዳለፈ ተነገረው። ነጥብ ሲቆጠር ወደ መሀል መመለስ የለም፤ የተቆጠረበት ቡድን ከቅርጫቱ ሥር ይዞ ይነሣል። ጠፍር ያላት ኳስ ቀርታለች። ከቀለበቱ ጀርባ ልኩ የታወቀ ሰሌዳ ይቆማል። ጥፋትም አምስት ነው፣ አራት አይደለም። ሣህለ ማርያም ይህን ሁሉ ተምሮ ተመለሰና ለመምህሩ ነገራቸው። ሽማግሌው ሁሉንም በጸጋ ተቀበሉ፤ አምስቱ ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"አራት ጊዜ ያጠፋ ሰው ምን ቀረው ብለህ ነው፣ ሣህሌ?"

"አንድ ዕድል ይጨመርለት ነው፣ የኔታ። ልጅ አይደል? ትንሽ ሜዳ ላይ ይቆይ።"

"አንዳንዱ ሰው ቶሎ ቢወጣ ነው የሚሻለው" አሉ መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ፤ ግን አልተከራከሩም፣ ደክሟቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢቸና በአምስት ተጫወተች። ሣህለ ማርያም በዚህ ይኮራ ነበር፤ ቢቸናን ከዓለም ጋር ያስተካከላት እሱ ነውና።

ልጁ ውበቴ ያደገው በዚህ ሜዳ ነው። ቁመቱ እናቱን ይርጋነሽን ወርሶ ተመዘዘ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ የበሩን ጉበን ጎንበስ ብሎ ያልፍ ነበር። አባቱ ሌላ ምክር አልነበረውም፤ "ሰው አትንካ" ብቻ ነው። የዳኛ ልጅ ሲያጠፋ ከተገኘ ሰው ምን ይላል? ውበቴም ይህን ምክር ከልቡ ስለያዘ አንድ ጨዋታ ሙሉ ተጫውቶ አንዲት ጥፋት ሳይቆጠርበት ይወጣል። እጁን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ይቆምና ተጋጣሚው ራሱ መጥቶ ይላተመዋል። አባቱ ሲያየው ደስታው ሌላ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው። ወንድ ልጅ ያላት እናት እንቅልፍ የላትም። ገበያ ላይ ያፍሳሉ፣ ሰርግ ላይ ያፍሳሉ፣ ታቦት ሲገባ ጠብቀው ያፍሳሉ። የታፈሰው በመኪና ተጭኖ ወደ ጦር ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ይሄዳል። ከሄዱት የተመለሰ እስካሁን አልታየም። በዚህ መሀል ነው የወጣቶች ሳምንት ይከበራል ተብሎ የቢቸና ቡድን ሞጣ ሄዶ እንዲገጥም፣ ሣህለ ማርያምም እንዲዳኝ ከአውራጃው ትእዛዝ የመጣው። "ስፖርተኛ አይነካም" ብለው ነበር። ቃል ተገባ፣ በስብሰባ ላይ ተነገረ፣ ተጨበጨበ። አልሄድም ማለትም የሚያመጣው ነገር ይታወቃል።

ይርጋነሽ በዚያ ቀን አልሳቀችም። መኪናው ሊነሣ ሲል የባሏን ኮት ይዛ "ልጄን ይዘህ ነው የምትሄደው። ልጄን ይዘህ ና" አለችው። ሣህለ ማርያም መንገዱን ሙሉ፣ ደብረ ወርቅንም የመርጡለ ማርያምን መገንጠያም ሲያልፉ፣ ይህን ቃል ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የተጓዘው። ልጆቹ ከላይ በጭነቱ ላይ ቁጭ ብለው ይዘፍናሉ። ስምንት ነበሩ።

ሞጣ ጨዋታው የሚደረገው በትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ሣህለ ማርያም እንደደረሰ በኖራ መስመር ማስመር ጀመረ። በዚያን ሰሞን አዲስ የመጣ መስመር ነበር፤ በቅርጫቱ ዙሪያ ቅስት ሆኖ የሚሰመር፣ ከእሱ ውጪ ቆሞ ያገባ ሦስት ነጥብ የሚያገኝበት። ችካል ተክሎ፣ ገመድ አስሮ፣ ቅስቱን እየዞረ ሲያሰምር ከኋላው ቦት ጫማ ሰማ። የሞጣው ቀበሌ ሊቀ መንበር ነው።

"ጓድ ዳኛ፣ ይሄ ክብ ምንድን ነው?"

"ባለ ሦስት ነጥብ መስመር ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። አዲስ ሕግ ነው።"

"ማን ያወጣው? ኢምፔሪያሊስቶች?"

ሣህለ ማርያም ጀርባው በላብ ራሰ። "የዓለም ፌዴሬሽኑ ነው፤ ሶቭየቶችም በዚሁ ነው የሚጫወቱት።"

"እንዲያ ከሆነ ጥሩ።" ሊቀ መንበሩ ኖራውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። "ጨዋታው መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ግን ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ሰዓቱ ስለሚቆም..."

"ማለቁ በምን ይታወቃል ነው የምልህ።"

"በረጅም ፊሽካ። ጥፋት ሲሆን አጭር ነው፤ ማለቂያው ላይ ግን ረጅም ይነፋል።"

"ረጅም ፊሽካ።" ደገመው፣ ሊይዘው እንደፈለገ ሰው። "ረጅሙን ስትነፋ ማንም ሜዳውን አይልቀቅ። ተጫዋቾቹ መሀል ይሰለፉ፣ ንግግር አለ። ልጅህም ይጫወታል አሉኝ?"

"አዎ።"

"አየሁት። ቁመቱ ያምራል" አለና ሄደ።

ይህን ነው ሣህለ ማርያም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያልረሳው፤ ቁመቱ ያምራል መባሉን። ገመዱ ከእጁ ወደቀ። ችካሉን ይዞ ቁጢጥ አለ፤ ላየው ሰው መስመር የሚያስተካክል ይመስላል።

ሰዓት ያዡ ይማም ይባላል። የሞጣ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ አብረው ዳኝነት የተማሩ ወዳጁ ነው። ጠረጴዛውን አስቀምጦ የእጅ ሰዓቱን የሚሞላ መስሎ አንገቱን ሳያነሣ ተናገረ። "ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ሸራ የለበሱ መኪኖች ቆመዋል። ታጣቂው ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነው። ረጅሙን ፊሽካ ስትሰሙ ዙሪያውን ያዙ ተብለዋል።"

"ልጆቹን ልንገራቸው?"

"አሁን ከሮጡ ይተኩሳሉ።"

ሣህለ ማርያም ወደ ግቢው በሮች አየ። መሮጥ አማረው፤ ይህን መደበቅ አያሻም፤ ልጁን ይዞ በጓሮ ዘልሎ መጥፋት ነበር የፈለገው። በሁለቱም በር ጠመንጃ የያዙ ቆመዋል። ሌሎቹ ሰባት ልጆች በሸራ ጫማቸው አዲሱ ቅስት ላይ ቆመው ከሩቅ እየወረወሩ ይሣሣቃሉ። የሞጣዎቹም እንደነሱ ልጆች ናቸው። ያኔ ነው ሕጉ ትዝ ያለው።

"ይማም፣ በጥፋት የወጣ ተጫዋች የት ይገባል?"

ይማም ገባው። ልብስ የሚቀየርበት የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ከጀርባው መስኮት አለ፣ ከመስኮቱ ማዶ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ማዶ ገደሉ። ሚስቱ ኸይራት ለተጫዋቾች ውሃ ይዛ መጥታ ነበር። ይማም ጠራትና ጆሮዋ ላይ ጥቂት ቃል አለ፤ ጀሪካኗን አንሥታ ወደዚያ ክፍል ሄደች።

ሣህለ ማርያም ወደ ሊቀ መንበሩ ቀረበ። "አምስት ጥፋት የሠራ ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ልክ በእግር ኳስ ቀይ ካርድ እንዳየ ሰው፣ ወደ ልብስ መቀየሪያ ይገባል። እንዳያስገርምዎ ብዬ ነው።"

"ሕግ ከሆነ ሕግ ነው" አለ ሊቀ መንበሩ። አምስት ጊዜ የሚያጠፋ ስንት ሰው ይኖራል ብሎ ይሆናል።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ፊሽካውም ተጀመረ። ኳስ የያዘውን የነካ ጥፋት፣ ያልነካም ጥፋት። አጠገቡ የተነፈሰ ጥፋት። ሕዝቡ መጀመሪያ ሣቀ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ መሳደብ ጀመረ። "ይሄ ዳኛ ምን ጠጥቶ ነው!" "ፊሽካውን ቀሙት!" መጀመሪያ የወጣው አንድ የሞጣ ልጅ ነው፤ መሬቱን በእርግጫ መትቶ፣ እየተራገመ ወደ ክፍሉ ገባ። ኸይራት በሩ ላይ ጠበቀችው። "ልጄ፣ አፈሳ ነው። በመስኮቱ ውጣ። ቤትህ እንዳትሄድ።" ልጁ ስድቡን አፉ ላይ እንዳለ ትቶ በመስኮቱ ወጣ። ከቢቸና የመጀመሪያው ወልደ ሰንበት የሚባለው ነበር፤ ያለቀሰው እሱ ነው፣ ፊሽካው ግፍ ስለሆነበት። "ጋሼ፣ በእግዜር!" እያለ አለቀሰ። ሣህለ ማርያም ጨክኖ በጣቱ ወደ ክፍሉ አመለከተው።

ሕግን እንዲህ ሲያበላሽ የመጀመሪያው ነው። ሜዳ ላይ ሲፈራም የመጀመሪያው ነው።

ውበቴን አልነካውም። ማስቀደም ፈልጎ ነበር፤ ግን ቀድሞ የሚወጣው የዳኛው ልጅ ከሆነ ሊቀ መንበሩ ወዲያው ይነቃል፣ የሌሎቹም መስኮት ይዘጋል። ሁለት ሦስት ሌላ ይውጣ፣ ከዚያ እሱን፣ አለ በሆዱ። እረፍት ላይ ልጁን ጠርቶ ሊነግረው አሰበ። እረፍት ሲሆን ግን ሊቀ መንበሩ ራሱ መሀል ሜዳ ገብቶ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ስለ ጤናማ ወጣት ይናገር ጀመር፤ ሲናገር እጁን ውበቴ ትከሻ ላይ አሳርፎ ነበር። ሣህለ ማርያም ያንን እጅ እያየ እረፍቱ አለቀ።

በሁለተኛው ግማሽ ነፋበት። አንድ። ሁለት። ውበቴ ያልነካውን ነካህ ሲባል መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ ፊቱ ቀላ። ሦስተኛው ላይ አባቱ ኳሱን የሚቀበል መስሎ ተጠጋውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይበቃሃል፣ ውጣ፣ ወደ ክፍሉ ግባ" አለው።

"ገና ሦስተኛዬ ነው!" አለ ውበቴ ጮክ ብሎ። "አምስት ነው ያልከው አንተ ነህ!"

ሕዝቡ በሣቅ ፈረሰ። ሊቀ መንበሩም ሣቀ፤ ከዚያ መሣቁን ተወና ሣህለ ማርያምን ትኩር ብሎ አየው። ሣህለ ማርያም በድንጋጤ ነፋ፤ ከዳኛ ጋር መነጋገር ራሱ ጥፋት ነው። አራት።

ከዚያ በኋላ ልጁ አፉን ዘጋ። እጁንም ወደ ኋላው አደረገና አንዱን በሌላው ያዘ። እጁን ጀርባው ላይ ቆልፎ ከዚህ ወደዚያ ይሮጣል፤ ኳስ ሲመጣለት አይቀበልም፤ ተጋጣሚው ሲመጣ ገለል ይላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ምን አጠፋህ ይሉታል? አባቱን በዓይኑ እየተከተለው ነበር። ያስተማርከኝ ይኸው ነው የሚል ዓይን ነው። ሣህለ ማርያም ሌሎቹን አወጣ፤ የቢቸና ስድስተኛው ልጅ ሳይቀር ወደ ክፍሉ ገባ፤ ከሞጣም ብዙዎቹ አልቀሩም። የቀሩትን ለማውጣት ትንሽ ጊዜ ይበቃው ነበር። ይማምም ሰዓቱን አቁሞ ማስነሣት እየረሳ ያራዝማል።

ሊቀ መንበሩ ከወንበሩ ተነሣ። የወጡት ወደ ክፍሉ ገብተው አንዳቸውም ደጃፍ ላይ እንዳልተቀመጡ ያየ ይመስላል። ወደ ጠረጴዛው መጥቶ የይማምን ሰዓት አነሣና አየ። "ይሄ ሰዓት ሞቷል እንዴ?" አለ። ቀጥሎ ወደ ክፍሉ በኩል ዞረ።

አሁን ነው፣ አለ ሣህለ ማርያም። ውበቴ ከፊቱ ነው፣ እጁ ጀርባው ላይ። ማን ምን ይል ብሎ ሳያስብ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተና ነፋ። አምስተኛው ነው። አጭር ሊነፋው ነበር። ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ውስጥ አምቆ የያዘው ትንፋሽ አንድ ጊዜ መውጣት ሲጀምር አልቆም አለው፤ ፊሽካው ጮኸ፣ ጮኸ፣ ግቢውን ሞላ፣ መጋዘኑ ድረስ ተሰማ።

መኪኖቹ ሲነሡ ድምፃቸው መጣ። ታጣቂዎቹ በሁለቱም በር ገቡ። ሕዝቡ እየጮኸ ሲበተን፣ እናቶች ሲላቀሱ፣ ሣህለ ማርያም ፊሽካው ከከንፈሩ ላይ ሳይወርድ "አምስት ነው! ወጥቷል! ይሄ ልጅ ወጥቷል፣ ሕጉ..." ይል ነበር። ማንም የሰማው የለም። ውበቴን ሁለት ሰው በብብቱ ይዘው ወደ መኪናው ሰቀሉት። ከላይ ሆኖ ዞሮ አባቱን አየው፤ አልሮጠም፣ አልታገለም፣ ምን እንደሆነ ገና አልገባውም።

"አባዬ፣ አልነካሁትም እኮ!" አለ።

መኪናው ሄደ። ሊቀ መንበሩ የተያዙትን ቢያይ እንደጠበቀው አልሞሉለትም። ሣህለ ማርያምን አገጩን ይዞ ቀና አደረገው። "ጓድ ዳኛ፣ ዛሬ ፊሽካህ በዝቶ ነበር" አለው። ከዚያ ለቀቀው። ልጁ ከተያዙት አንዱ ባይሆን ኖሮ ምን ያደርገው እንደነበር ይታወቃል፤ ሰውየውን ያዳነው የልጁ መታፈስ ነው።

ያመለጡት ልጆች መርጡለ ማርያም አካባቢ ደበሎ ለብሰው ከቆሎ ተማሪ ጋር ተደባለቁ፤ ገሚሱ ዘመድ ጋ በየገጠሩ ቀረ። ይህን ማንም ጮክ ብሎ ሊያወራ አይችልም ነበር። ስለዚህ ቢቸና የምታውቀው ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ልጆቹን ማስያዙን ነው። የራሱን ልጅ ሳይቀር። በመንገድ ሲያልፍ ሴቶች ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ይርጋነሽ ብቻ እውነቱን ከእሱ ሰማች፤ ሰምታ ስትጨርስ "አራተኛው ላይ ቢወጣ ኖሮ" አለች። ይህን ያለችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ደግማም አላነሣችው። እሱ ግን በየቀኑ ይሰማው ነበር።

መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ወታደሩ ተበትኖ በየመንገዱ ሲመጣ፣ ሣህለ ማርያም መንገድ ዳር ቆሞ ረጅም ረጅሙን እያየ ከረመ። ወልደ ሰንበት ከተደበቀበት ወጥቶ መጣ፤ ጺም አብቅሏል፣ ጉልበቱን ስሞ አለቀሰ። ለከተማውም እውነቱን የተናገረው እሱ ነው። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጡ። ውበቴ አልመጣም፤ ሞቷልም ያለ የለም።

ሣህለ ማርያም ሸምግሎም ሜዳውን አልተወም። ሰሌዳው አዲስ ሆነ፣ የበርሜሉ ቀለበት በፋብሪካ ቀለበት ተተካ፣ ሕጉም በየጊዜው ይለወጣል፤ የተለወጠውን ሁሉ ሳይከራከር ተቀብሎ ያስተምራል። አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር የመጣ ወጣት አሠልጣኝ ጨዋታ ሲያይ ውሎ ወደ ሽማግሌው ቀረበ።

"ጋሼ፣ ያንን ልጅ ለምን አስወጡት? ገና አራተኛው ነው እኮ። ሕጉ አምስት ነው።"

ሣህለ ማርያም ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ በመዳፉ ጨበጠ።

"አውቃለሁ" አለ። "አምስቱን እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ።" ከዚያ ሜዳው ጫፍ ላይ ግራ ገብቶት ወደ ቆመው ልጅ ዞረ። "ውጣ፣ ልጄ" አለው፤ "በቃህ፣ ቤትህ ግባ።"